ጫረ

ጣርማ በር፣ ጉም የወረደበት ማለዳ። ጡረታ የወጡ የቋንቋ መምህርና ለእረፍት ከአዲስ አበባ የመጣች የልጃቸው ልጅ ምድጃ ዳር ተቀምጠዋል።

ልጅ፦ አባባ፣ ይህ ስክራብል የሚሉት የቃላት ጨዋታ ስሙ ምን ማለት ነው? ጓደኞቼ «ቃል መሥራት» ይሉታል።

አያት፦ ያ ሥራው ነው እንጂ ስሙ አይደለም። ከደች ወደ እንግሊዝኛ የገባ ቃል ነው። በጥፍር መቧጨር፣ በእጅ እየዳበሱ መፈለግ፣ መሞነጫጨር ማለት ነው። አልፍሬድ በትስ የተባለ አሜሪካዊ አርክቴክት ጨዋታውን በ1930ዎቹ ሲያበጀው ሌላ ስም ነበረው፤ ስክራብል የተባለው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። ተጫዋቹ ፊደሉን ከከረጢት ዳብሶ ያወጣ የለ? ስሙ ገጥሞለታል።

ልጅ፦ በአማርኛ ምን እንበለው?

አያት፦ እኔ «ጫረ» እለዋለሁ። ዳዊት በጌት ንጉሥ በአንኩስ ፊት እብድ መስሎ የበሩን መዝጊያ ሲጭር፣ በ1611 የታተመው የእንግሊዞች መጽሐፍ ቅዱስ ይህንኑ «ስክራብል» የሚለውን ቃል ነው የጻፈለት።

ልጅ፦ መጫር የዶሮ አይደለም እንዴ?

አያት፦ የዶሮም ነው፤ አመድ ጭራ ጥሬ ታወጣለች። የቁም ጸሐፊም ይጭራል። ብራናውን ፍቆ ካለሰለሰ በኋላ፣ ብርዑን ቀለም ሳያስነካ፣ በወስፌ መስመር ያወጣል። ቀለም የለውም፤ ጭረት ብቻ ነው። ፊደሉ ሁሉ የሚሰለፈው ግን በእሱ ላይ ነው። የድሮ ብራና ወደ ብርሃን አዘንብለሽ እዪ፣ ጭረቱ ዛሬም አለ። እኔ ይህን ስመለከት «ደብዳቤ ጫር ጫር አደረግሁ» የሚለውን አነጋገር አልንቀውም።

ልጅ፦ ክብሪትስ?

አያት፦ ክብሪት የትናንት እንግዳ ነው። ከእሱ በፊት የሚጫረው ፍም ነበር። ምድጃችን የጠፋ ቀን እናቴ በዚህ ጉም ውስጥ ጎረቤት ትልከኛለች። «እሳት ልጭር» ብዬ እገባለሁ፤ ፍሙን በገል አድርጌ፣ የዚህ በር ነፋስ እንዳይበላብኝ አመድ አልብሼ እሮጣለሁ። እሳት የከለከለ ጎረቤት አላየሁም።

ልጅ፦ ጠብ ጫሪስ ከዚያ የመጣ ይሆን?

አያት፦ እኔ እንደዚያ አምናለሁ። ጠብ ጫሪ ጠቡን አልፈጠረውም፤ የተዳፈነውን ፍም ነው የገለጠው። ጥያቄ የሚጭር ሰውም እንዲሁ፤ ልክ እንዳንቺ።

ልጅ፦ በእኛ ፊደል ብንጫወተውስ?

አያት፦ ጣጣው እዚህ ላይ ነው። የእነሱ 100 ጠጠር ነው፤ የእኛ 33 ፊደል በ7 ሲባዛ 231 ይሆናል። የባሰው ግን ቁጥሩ አይደለም። በእንግሊዝኛ የተቀመጠ ፊደል ከቦታው አይነቃነቅም፤ ጫፉ ላይ ይቀጠልለታል። አንቺ «ጫረ» ብለሽ ደርድረሽ እኔ «ጭረት» ላድርገው ብል፣ «ት»ን መቀጠል አይበቃኝም፤ «ጫ»ን አንስቼ «ጭ»ን መተካት አለብኝ። የእኛ ቃል ከውስጡ ነው የሚለወጠው።

ልጅ፦ ታዲያ ጠጠሩ ላይ ግእዙን ብቻ ብንጽፍበትና ካዕቡን፣ ሣልሱን ተጫዋቹ እያነበበ ቢናገርስ? «ጨ» እና «ረ» ተቀምጠው እኔ «ጫሪ» ብል፣ እርስዎ «ተ» ጨምረው «ጭረት» ቢሉ?

አያት፦ ይህን እኔም አላሰብኩትም። ያን ካርቶን አቀብይኝ፤ መቀሱ ከመስኮቱ ሥር ነው።