ከዓረብ ሀገር የተመለሰች ልጃችን እንቅልፍ ብታጣ ወዴት እንውሰዳት?



በዚህ ዓምድ ዘወትር የምናወራው ስለ ምግብና ስለ አካል ጤንነት ነው። ዛሬ ግን በብዙ ቤት ጓዳ ውስጥ ተሸፍኖ ስለሚኖር ሕመም እንነጋገር።

እንበልና አንዲት እህታችን ሪያድ ወይም ቤይሩት ሦስት ዓመት ሠርታ ተመለሰች። ቤተሰቡ ቡና አፍልቶ፣ ጎረቤት ጠርቶ ተቀበላት። ሳምንት ሳይሞላ ግን ሌሊት መተኛት አቃታት። በር ሲንኳኳ ትደነግጣለች፣ ምግብ አይበላላትም፣ ጥግ ይዛ ብቻዋን ታወራለች። እናት «ዓይን በልቷታል» ትላለች፤ አጎት «ጂን ነው» ይላል፤ አባት «ደክሟት ነው፣ ይለፍላታል» ብሎ ይጠብቃል። ወሬው እንዳይወጣ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ትገባለች። እንዲህ እየተባለ ዓመት ያልፋል።

ይህ የአንድ ቤት ታሪክ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ባሉት ጥቂት ወራት ብቻ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ከሳውዲ ዐረቢያ ተመልሰዋል። በየዓረብ ሀገሩ ደመወዝ የተከለከሉ፣ የተደበደቡ፣ የተደፈሩ፣ እስር ቤት የሰነበቱ እህቶች አሉ። ሰውነት ከአደጋው ቢወጣም አእምሮ ገና እዚያው ሊቀር ይችላል። እንቅልፍ ማጣቱ፣ መደንገጡ፣ ተስፋ መቁረጡ፣ ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ መስማቱ በሐኪም የሚታወቁና የሚታከሙ ሕመሞች ናቸው።

«ታዲያ ቁርአን ይቀራባት ወይስ ሐኪም ቤት ትሂድ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ጥያቄው ራሱ ልክ አይመስለኝም። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አላህ ለበሽታ ሁሉ መድኃኒት ማድረጉን አስተምረውናል፤ እንድንታከምም አዘዋል። በ322 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት ሊቅ አቡ ዘይድ አል-በልኺ ስለ ሰውነትና ስለ ነፍስ ጤና በጻፉት መጽሐፍ፣ ምክንያቱ የሚታወቅን ሐዘን ምክንያቱ ከማይታወቅ ሐዘን ለይተው አስቀምጠዋል። ሁለተኛው ከሰውነት የሚመጣ ስለሆነ በሰውነት ሕክምና መረዳት አለበት ብለዋል። ይህ የተጻፈው ከሺህ ዓመት በፊት ነው! ስለዚህ ሩቂያውም ይደረግ፣ ክኒኑም ይዋጥ። ነገር ግን «መድኃኒቱን ጣይው» የሚል፣ የሚደበድባት፣ በሰንሰለት የሚያስራት፣ ምግብ የሚከለክላት ወይም ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ቤት ልጃችሁን አታድርሱ።

ቤተሰብን ከሁሉ በላይ የሚያስፈራው አማኑኤል የሚለው ስም ነው። መርካቶ አካባቢ የሚገኘው ይህ ሆስፒታል በጣሊያን ወረራ ዘመን የተጀመረና ለብዙ ዓመታት በሀገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል የነበረ ነው። ስሙም ስድብ እስከ መሆን ደርሷል። በሩ ላይ እንዳይታዩ ሲሉ ልጃቸውን ቤት ያስቀሩ ጥቂት አይደሉም። አሁን ግን የመጀመሪያው በር እሱ መሆን የለበትም። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በጤና ጣቢያ የሚሠሩ ነርሶችና ጤና መኮንኖች የአእምሮ ሕመምን እንዲያክሙ ሲሠለጥኑ ቆይተዋል። ሁሉም ጤና ጣቢያ ባለሙያ አለው ማለት ግን አይደለም። ስለዚህ ካርድ ስታወጡ «የአእምሮ ጤና የሚያይ ሰው አላችሁ? ከሌለ የት ሪፈር ትጽፉልናላችሁ?» ብላችሁ በቀጥታ ጠይቁ። ገጠር ያላችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን አነጋግሩ። አዲስ አበባ ውስጥ ቅዱስ ጳውሎስ፣ ዘውዲቱና ኤካ ኮተቤ ሆስፒታሎች፣ በክልል ደግሞ ጅማ፣ ጎንደር፣ ሐዋሳና ደሴ ያሉት ትልልቅ ሆስፒታሎች አገልግሎቱ አላቸው። ቡታጅራም እንዲሁ፤ እዚያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ከ68 ሺህ በላይ ሰው አነጋግረው፣ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ለይተው ለዓመታት ተከታትለዋል።

ከመሄዳችሁ በፊት በወረቀት ጻፉ፦ መቼ ጀመራት፣ ስንት ሰዓት ትተኛለች፣ ምን ትበላለች፣ ዓረብ ሀገር ሳለች የወሰደችው መድኃኒት ካለ ስሙ፣ ጫት ትቅም እንደሆነ። ሴት ባለሙያ ካለች ጠይቁ። ከሌለች እናት ወይም እህት አብራ ትግባ። ለጥቂት ደቂቃ ግን ልጅቱ ከባለሙያው ጋር ለብቻዋ ትነጋገር። በአባቷ ፊት የማትናገረው ነገር ሊኖር ይችላል፣ እርግዝናም ሊሆን ይችላል።

የድብርት መድኃኒት በሁለት ቀን አያድንም። ለውጡ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። «ተሻላት» ተብሎ በራስ ፈቃድ አይቋረጥም። ረመዳን ሲቃረብም ቀድማችሁ ሐኪሙን አማክሩ፤ ብዙዎቹ ክኒኖች ሰዓታቸው ወደ ኢፍጣርና ወደ ሱሑር ሊዛወር ይችላል። ሊቲየም የተባለውን የምትወስድ ከሆነ ግን ውሃ መጠማቱ መድኃኒቱን በደም ውስጥ ከልክ በላይ ሊያደርገው ስለሚችል፣ ሐኪም ሳይፈቅድ አትጹም። ለታመመ ሰው አላህ ራሱ ፈቅዶለታል።

ስለ ምግብ ካነሳን፣ በግድ አታጉርሷት። አጥሚት፣ ሾርባ፣ እንቁላል ትንሽ ትንሽ እያላችሁ ደጋግማችሁ ስጧት። የማታው ቡና ግን ይቅርባት። እንቅልፍ ላጣ ሰው ሦስተኛው ስኒ ጠላት ነው።

«ብሞት ይሻለኛል» ካለች ደግሞ «ሐራም ነው» ብላችሁ አትለፏት። ሐራምነቱን እሷም ታውቃለች። ራሷን ለመጉዳት አስባ እንደሆነ በእርጋታ ጠይቋት። መጠየቁ ሐሳቡን አያስገባባትም። ብቻዋን አትተዋት፣ ገመድና የተባይ መድኃኒት ከቤት አርቁ፣ የክኒኑን ብልቃጥ ሌላ ሰው ይያዘው። በዚያው ቀን ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት።

ቤተሰብ ከአቅሙ በላይ ሲሆንበትም የሚያግዝ አለ። አጋር ኢትዮጵያ የተባለው በጎ አድራጎት ድርጅት ከዓረብ ሀገር ታመው የሚመለሱ እህቶችን ሲቀበልና ሲንከባከብ የቆየ ነው። ጥቃት የደረሰባቸውን የሴቶች ማረፊያና ልማት ማህበር ያስጠጋል። በፍርድ ቤት ጉዳይ ላይ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማህበር ያለ ክፍያ ያማክራል። ከየት መጀመር እንዳለባችሁ ካላወቃችሁ የወረዳችሁን የሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ጠይቁ።

ኢማሞቻችንም ከአካባቢው ጤና ጣቢያ የአንዱን ባለሙያ ስልክ ቢይዙ ብዙ ቤት ይረዳሉ። ከሰላት በኋላ ቀርቦ «ልጄ አትተኛም» የሚል አባት ሲመጣ፣ ዱዓ አድርገውለት ስልኩንም ይሰጡታል። ጀመዓው ደግሞ ለትራንስፖርት የምትሆን ጥቂት ብር ማዋጣት አያቅተውም። ብዙ ታማሚ ሕክምናውን የሚያቋርጠው የታክሲና የአውቶቡስ ገንዘብ ሲያልቅበት ነውና፣ የሚቀጥለውን ቀጠሮ ቀን ከቤተሰቡ አንድ ሰው ይያዘው።