በጥጥና በውሃ መካከል፦ የሪአክቲቭ ማቅለሚያዎች ኒዩክሊዮፊላዊ መተካት

ኮምቦልቻ ከደሴ በታች የምትገኝ፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያላት የኢንዱስትሪ ከተማ ናት። የፋብሪካዎቿ ፍሳሽ መዳረሻው የቦርከና ወንዝ ነው። ጥጥ ሲቀለም ወደ ፍሳሽ የሚሄደው የማቅለሚያ መጠን የሚወሰነው ግን ገና በማቅለሚያው ገንዳ ውስጥ ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ ጉዳዩን ከአጸግብሮት ስልት አንጻር ይመረምራል።

ከ1956 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለገበያ የቀረቡት የዳይክሎሮትራያዚን ማቅለሚያዎች ከሴሉሎስ ጋር በኮቫለንት ቦንድ ይተሳሰራሉ። ሶዳ አሽ ሲጨመር ከሴሉሎስ የሃይድሮክሲል ቡድኖች ጥቂቶቹ ፕሮቶን አጥተው ኒዩክሊዮፊል ይሆናሉ፤ ክሎሪን የያዘውን የቀለበቱን ካርቦንም ያጠቃሉ። ፍጥነቱ በማቅለሚያውም በኒዩክሊዮፊሉም ክምችት ስለሚወሰን፣ ተማሪዎች ስልቱን ኤስኤን2 ነው ብለው ይደመድማሉ። ድምዳሜው ትክክል አይደለም፤ ኤስኤን2 የሚጠይቀው የጀርባ ጥቃት በቀለበቱ አካል የተዘጋ ነው። በመማሪያ መጻሕፍት እንደሚገለጸው፣ በመጀመሪያ ኒዩክሊዮፊሉ ይደመራል፤ አሉታዊው ቻርጅ በቀለበቱ ናይትሮጅኖች ላይ ይሰራጫል፤ ከዚያም ክሎራይድ ይለቃል። ሁለቱ እርምጃዎች በአንድ የሽግግር ሁኔታ የሚጠቃለሉባቸው የትራያዚን አጸግብሮቶችም ተለይተዋል።

በዚያው ገንዳ ያለው የሃይድሮክሳይድ አዮንም ያንኑ ካርቦን ያጠቃል። ሁለቱም ክሎሪኖች በሃይድሮክሲል የተተኩበት ማቅለሚያ ከጥጥ ጋር መተሳሰር አይችልም፤ ታጥቦ ይወገዳል። አልካሊ ማብዛት መፍትሔ አይሆንም፤ የሴሉሎስንም የሃይድሮክሳይድንም አዮኖች አብሮ ስለሚጨምር ሁለቱንም አጸግብሮቶች ያፋጥናል። ከፒኤች 11 በላይ ደግሞ ውድድሩ ለውሃው ያደላል።

ስለዚህ መለወጥ ያለበት የማቅለሚያው መገኛ ነው። በመጀመሪያ ጨው ተጨምሮ ማቅለሚያው ወደ ጥጡ ጭረት እንዲገባ ይደረጋል፤ አልካሊው የሚከተለው ከዚያ በኋላ ነው። የገንዳውን ውሃ መቀነስም ለዚሁ ዓላማ ያግዛል። ሌላው መንገድ ሁለት አጸግባሪ ቡድኖች ያሉትን ማቅለሚያ መጠቀም ነው። ለምሳሌ የአንዱ ቡድን የመተሳሰር ዕድል 70 በመቶ ቢሆን፣ ሁለቱ ቡድኖች ራሳቸውን ችለው እንደሚሠሩ ከታሰበ፣ ሳይተሳሰር የሚቀረው 0.3 × 0.3፣ ማለትም 9 በመቶ ብቻ ይሆናል። ይህም በአንድ ቡድን ከሚቀረው 30 በመቶ ጋር ሲነጻጸር ከሲሶ በታች ነው።

የፍሳሽ ማጣሪያ አስፈላጊነቱ አያጠያይቅም። ይሁን እንጂ ማጣሪያው የሚቀበለው ውሃው በውድድሩ ያሸነፈውን ነው። በኮምቦልቻ በቀለም ፍሳሽ ላይ ጥናት የሚጀምር ተመራማሪም ከወንዙ ናሙና አስቀድሞ በገንዳው ውስጥ የሁለቱን አጸግብሮቶች የፍጥነት ንጽጽር ቢለካ፣ የችግሩን መነሻ ያገኛል።