«ከልክል» የተባለው «አስገባ» ሲሆን

ራዲየስ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን በሒሳብ ክፍለ ጊዜ የምናሰምረው የክብ መስመር ነው። ዛሬ የምናጠናው ግን ሌላ ነው። ይኼኛው ራዲየስ በኮምፒዩተር መረብ በር ላይ የሚሠራ የመጠያየቂያ ሥርዓት ሲሆን፣ የተነደፈው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው።

አሠራሩን በዘበኛ እንመስለው። አንድ ሰው ወደ መረቡ ልግባ ሲል ስሙንና የይለፍ ቃሉን ይሰጣል። ዘበኛው መሣሪያ ግን ራሱ አይወስንም፤ መዝገብ የያዘውን ዋና ኮምፒዩተር ይጠይቃል። ከዚያም «አስገባ» ወይም «ከልክል» የሚል መልስ ይመጣለታል። መልሱ እውነተኛ መሆኑ የሚታወቀው በማኅተሙ ነው። ማኅተሙም የሚወጣው የመልሱንና ሁለቱ ብቻ የሚያውቁትን የምስጢር ቃል ኤም ዲ 5 በተባለ ስሌት አንድ ላይ በመፍጨት ነው።

ታዲያ ጉድለቱ የት ላይ ነው? በስሌቱ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ቻይናዊቷ ዋንግ ሺያዩንና ባልደረቦቿ ሁለት የተለያዩ ጽሑፎች አንድ ዓይነት የኤም ዲ 5 ማኅተም እንዲኖራቸው ማድረግ እንደሚቻል በተግባር አሳዩ። ራዲየስ ግን በዚያው ስሌት መሥራቱን ቀጠለ።

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 ተመራማሪዎች ብላስት ራዲየስ ያሉትን ጥቃት ይፋ አደረጉ። በሁለቱ መካከል መስመሩ ላይ የተቀመጠ አጥቂ የሚሠራው እንዲህ ነው፦

1ኛ. የሐሰት የይለፍ ቃል ያቀርባል። ስለዚህ መልሱ «ከልክል» እንደሚሆን አስቀድሞ ያውቃል።

2ኛ. በሚያልፈው ጥያቄ ውስጥ አስልቶ ያዘጋጀውን ትርጉም የለሽ ጽሑፍ ይጨምራል። ዋናው ኮምፒዩተርም ይህንኑ በመልሱ ውስጥ ይመልሰዋል።

3ኛ. የተሰላው የሁለቱ መልሶች ማኅተም አንድ እንዲሆን ነው። የምስጢሩ ቃል የሚጨመረው መጨረሻ ላይ ስለሆነ፣ ከፊቱ ያለው ስሌት ከተገጣጠመ ማኅተሙም ይገጣጠማል። አጥቂው የ«ከልክል»ን ማኅተም ወስዶ በራሱ «አስገባ» ላይ ያሳርፋል። ዘበኛውም በሩን ይከፍታል።

በጥናት ቡድናችን «የይለፍ ቃሌ ረጅም ከሆነ ምን ያስፈራኛል?» ብለን ተከራክረን ነበር። ተሳስተናል! አጥቂው እኮ የማንንም የይለፍ ቃል አላወቀም፤ የምስጢሩንም ቃል አላገኘም።

እርግጥ ተመራማሪዎቹ ስሌቱን ለመጨረስ ከ3 እስከ 6 ደቂቃ ፈጅቶባቸዋል፤ መሣሪያዎች መልስ የሚጠብቁት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ1 ደቂቃ አይበልጥም። ቢሆንም ብዙ ኮምፒዩተር ያሰለፈ አጥቂ ጊዜውን ሊያሳጥረው ይችላል።

መፍትሔውስ? ለጊዜው በእያንዳንዱ ጥያቄና መልስ ላይ የተሻለ ሁለተኛ ማኅተም ግዴታ ማድረግ ነው። ለዘለቄታው ግን ንግግሩን በሙሉ በተመሰጠረ መስመር ውስጥ ማሳለፍ ያስፈልጋል።

እንግዲህ ከ2004 እስከ 2024 ድረስ 20 ዓመት ነው። ስንጥቁ እየታወቀ በሩ አልተቀየረም። እኛም ነገ ክፍል ስንገባ፣ ስህተት መሆኑን ያወቅነውን ነገር «እስካሁን ችግር አላመጣም» ብለን ማስተማራችንን እንቀጥል ይሆን? ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህ ነው።

መልመጃ፦ አጥቂው የሚመጣውን መልስ አስቀድሞ ባያውቅ ኖሮ ጥቃቱ ለምን ይከሽፍ ነበር? በቡድን ተወያዩበት።