የማጥመጃ ክር ለምን ይከራል?

አንድ ሜትር ያህል ክር ወስዳችሁ አንዱን ጫፍ አጥብቃችሁ ያዙ፤ ሌላውን 50 ጊዜ ያህል አዙሩት። ክሩ እስከተወጠረ ድረስ ቀጥ ብሎ ይቆያል። ጫፎቹን ስታቀራርቡ ግን ወዲያውኑ በራሱ ላይ ይጠቀለላል። በባሌ ተራሮች፣ በዌብ ወንዝ ዳር፣ ትራውት የተባለውን ዓሣ በሰው ሠራሽ ዝንብ የሚያጠምድ ሰው የሚቸገረው በዚሁ ክስተት ነው።

ሰው ሠራሽ ዝንብ ማለት ላባና ክር የተጠመጠመበት ትንሽ መንጠቆ ነው። እጅግ ቀላል በመሆኑ ወደ ውኃው የሚያደርሰው ከበድ ያለው መወርወሪያ ገመድ ነው። በገመዱና በዝንቡ መካከል ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድ የናይለን ክር አለ፤ የመጨረሻው ቀጭን ክፍል ቲፔት ይባላል። የዝንቡ ክንፎች እኩል ካልሆኑ፣ ዝንቡ በአየር ውስጥ ሲምዘገዘግ እንደ አውሮፕላን ፕሮፔለር ይሽከረከርና ክሩን ያከርረዋል። ውኃ ላይ ካረፈ በኋላ ደግሞ ላባዎቹ ውኃውን ስለሚይዙ ክሩ በቀላሉ ወደ ኋላ ሊፈታ አይችልም። ውጥረቱ ሲላላም ይቋጠራል፤ በተቋጠረበት ስፍራ ይደክማል፤ ዓሣው ሲጎትተውም ይበጠሳል።

መፍትሔው ምንድን ነው? አንድ ክር መክረርን የሚቋቋምበት ጥንካሬ ከዲያሜትሩ 4ኛ ርቢ ጋር ይመጣጠናል። ስለዚህ ባለ 0.15 ሚሊ ሜትሩን ቲፔት ከአንድ ዓይነት ናይለን በተሠራ ባለ 0.20 ሚሊ ሜትር ብንተካው፣ ውፍረቱ በሲሶ ብቻ ሲጨምር ጥንካሬው ከ3 እጥፍ በላይ ይሆናል። የሚያዞረው ኃይል እኩል ሲሆን የዙሮቹ ብዛት ከክሩ ርዝመት ጋር ስለሚመጣጠን፣ ክሩን ማሳጠርም ይረዳል። ይሁን እንጂ ወፍራምና አጭር ክር ዓሣውን ሊያስደነግጠው ስለሚችል፣ ክንፎቹ የተመጣጠኑ ዝንብ መምረጥና በአየር ላይ ደጋግሞ አለማመላለስ ይቀድማል።

ሁለቱም ጫፎች እንዳይዞሩ በተያዙበት ክር ላይ ዙሩ መልኩን ይለውጣል እንጂ አይጠፋም። መውጫው ነፃ ጫፍ ብቻ ነው። ስለሆነም ክሩ ከከረረ፣ ዝንቡን ቆርጦ ባዶውን ክር በወራጅ ውኃ ላይ መልቀቅ ይበቃል፤ ጫፉ እየተሽከረከረ ይፈታል።

በየሕዋሳችን ያለው ዲ ኤን ኤም በሚገለበጥበት ጊዜ እንዲሁ ይከራል። ቶፖአይሶመሬዝ የተባሉት ኤንዛይሞች ሰንሰለቱን ቆርጠው ዙሩን ያላሉና መልሰው ይቀጥሉታል፤ አጥማጁ በወንዝ ዳር ከሚያደርገው በመርሕ ደረጃ ብዙ የራቀ አይደለም።