ማን አደፋፈረው?

ደባርቅ፣ ከገበያው በላይ ባለች ቡና ቤት በረንዳ ላይ ጡረታ የወጡ መምህርና አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ተቀምጠዋል። ልጁ ሦስተኛ ዓመት የአካውንቲንግ ተማሪ ነው፤ ልቡ ግን ፊልም ላይ ነው።

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ እንጀራ ይሁን አይሁን በማይታወቅ ሥራ ሰው ዘሎ የሚገባው ምን ነክቶት ነው? አባቴ «ዝና አምሮህ ነው» ይሉኛል።

ሽማግሌው፦ ዝናማ ቢሆን አዝማሪ ከዚህ አገር ድሮ በጠፋ ነበር።

ወጣቱ፦ ድፍረት ነዋ!

ሽማግሌው፦ ድፍረትም አይደል። የሊማሊሞን ገደል ከላይ ቆሞ ቁልቁል ያየ እንግዳ ጉልበቱ ይከዳዋል። የአይሱዙ ሹፌር ግን እያፏጨ ይወርደዋል። ለምን? ረዳት ሆኖ ስንት ጊዜ የሌላ ሰው እጅ መሪውን ሲያዞር ከጎን ተቀምጦ አይቷላ! ገደሉ ያው ገደል ነው፤ ያደፋፈረው የለመደ ሰው አጠገብ መክረሙ ነው። ጥበብ ውስጥ የሚገባም እንደዚያው። እኛ ከዳር ሆነን አደጋ የምንለው፣ ለእሱ በልጅነቱ ሰው ሲሠራው ያየው ሥራ ነው።

ወጣቱ፦ እስቲ ምሳሌ ይስጡኝ።

ሽማግሌው፦ እዚሁ ጎንደር የተወለደው ኃይሌ ገሪማ አለልህ። አባቱ የቴአትር ደራሲ ነበሩ፤ ጽፈው፣ አለማምደው፣ ይዘው እየዞሩ ያሳዩ ነበር። ልጁ እዚያ መሐል አደገ። እ.ኤ.አ. በ1967 ትወና ልማር ብሎ አሜሪካ ሲሻገር ለጎረቤት እብደት ነው፤ ለእሱ ግን የአባቱ ሙያ። ከቺካጎ ሎስ አንጀለስ ሄዶ ፊልም ተማረ፤ በ1976 «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን አወጣ። በ1993 «ሳንኮፋ»ን ሲጨርስ የሚያከፋፍልለት አጣ። ታዲያ ተቀምጦ አለቀሰ? ከባለቤቱ ከሺሪኪያና አይና ጋር ሲኒማ ቤት እየተከራዩ ራሳቸው አሳዩት። አባቱ ቴአትር ይዘው ሲዞሩ ያየ ልጅ፣ አከፋፋይ እምቢ ስላለው በሩ የተዘጋ አይመስለውም። «ጤዛ» በ2008 ቬኒስ ላይ የተሸለመው ከዚያ ሁሉ ልፋት በኋላ ነው። በስተርጅና የመጣ ሽልማት ወጣቱን ኃይሌን ከጎንደር ሊያስነሣው አይችልም።

ወጣቱ፦ ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌስ? ማዕድን ምህንድስና ይማሩ ተብለው አይደል እንግሊዝ የተላኩት? እሳቸውን ማን አደፋፈራቸው?

ሽማግሌው፦ አንት ልጅ! በየደብሩ ግድግዳ ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረሱ በሚታይበት አገር ተወልዶ፣ ብሩሽ ምን እንደሚሠራ እንግሊዝ ሄዶ ነው የሚማረው? ይልቅ ያቋረጥኸኝ አዝማሪው ላይ ነበር። እኔን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። ዳባት ሠርግ ላይ ልብ ብለህ እይ። አዝማሪው መሰንቆውን አያይም፤ ዓይኑ ዳሱን ይዞራል። ደጋኑን ሳያቋርጥ ጎንበስ ብሎ የእንግዳውን ስም ከአንዱ በሹክሹክታ ይቀበልና ቤት አስመትቶ ያወድሰዋል። አንዱ ሞቅ ያለው ተነሥቶ «ተቀበል!» ይላል። ግጥሙ ወዲያና ወዲህ ይረግጣል፤ አዝማሪው ግን አቃንቶ ይመልስለታል። ሰውዬውም ራሱ ገጣሚ የሆነ መስሎት ብር ግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል። ይህን ሁሉ ያደረገ ሰው፣ ምግብ ሲቀርብ የሚቀመጠው በር ሥር! በማግሥቱ ለልጁ ሚስት ቢጠይቅ ዘር ይቆጠርበታል። ያው ብር የለጠፈው ሰውዬ፣ የገዛ ልጁ ጊታር ልማር ቢለው «አዝማሪ ልትሆን ነው?» ብሎ ይሰድበዋል። በ1929 ዓ.ም. የጣሊያኑ ግራዚያኒ አዝማሪዎች እየታደኑ እንዲገደሉ ያዘዘው ስለናቃቸው መሰለህ? ሕዝብ ያነሣሡብኛል ብሎ ፈርቶ ነው። ጠላት የፈራውን ወገን ናቀው! እንዲያም ሆኖ የአዝማሪ ልጅ መሰንቆውን አንሥቶ ይከተላል። ስድቡን ሰምቷል፤ በር ሥር መቀመጡንም አይቷል። ነገር ግን አባቱ አፉን ሲከፍት ዳስ ሙሉ ሰው ጕርሻውን ይዞ ሲያዳምጥም አይቷል። ያን ያየ ልጅ በስድብ አይመለስም።

ወጣቱ፦ ከዚያ ወዲህስ?

ሽማግሌው፦ ከዚያማ ጣሊያን ወጣ፣ ንጉሡ ተመለሱ፣ ደርግ መጣ፤ ደራሲው በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»ን አሳትሞ በ1976 እንደወጣ ቀረ፤ ደርግም ሄደ። ልጽፍ የሚል ሰው ግን አልጠፋም።

ወጣቱ፦ እንግዲህ እኔ አባቴ ገበሬ ናቸው። ገብስ ሲያጭዱ እንጂ ፊልም ሲሠሩ አላየሁም። በእርስዎ አነጋገር ተስፋ የለኝም ማለት ነዋ?

ሽማግሌው፦ እንደሱ አልወጣኝም። ካልወለደህ ባለሙያ ተጠጋ። ዋልያና ጭላዳ ሊቀርጹ ወደ ሰሜን ተራራ የሚወጡ ሰዎች ዕቃ የሚሸከም አይጠሉም። የካሜራውን ማቆሚያ ተሸከምላቸው፤ ጉም እስኪገለጥ ብርድ ላይ ሲጠብቁ አብረህ ጠብቅ፤ የቀኑን ሥራ ጥለው እንደገና ሲጀምሩ እይ። ያ ካስመረረህ ያማረህ ዝናው ነበር፤ አባትህ አውቀውሃል። ካላስመረረህ ግን አንተም እንደ ሹፌሩ ረዳት ዓይንህን አስለምደሃል፤ ከዚያ በኋላ እኔም አባትህም አናቆምህም።

ወጣቱ፦ እስከዚያው ለአባቴ ምን ልበላቸው?

ሽማግሌው፦ አካውንቲንጉን እጨርሳለሁ በላቸው፤ ጨርሰውም። በገዛ ገንዘቡ ሲኒማ ቤት የሚከራይ ሰው ሂሳብ ማወቅ አለበት።