ንስሐና የተበደለው ጎረቤት፦ በከሚሴና በአካባቢዋ የንስሐ ስብከት የሚገጥመው ጥያቄ

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ንስሐ ከሰባቱ ምሥጢራት አንዱ ነው። ኃጢአት የሠራ ሰው ይጸጸታል፤ ለንስሐ አባቱ ይናዘዛል፤ የተሰጠውን ቀኖና በጾም፣ በስግደት፣ በጸሎትና በምጽዋት ይፈጽማል፤ ፍትሐት ተቀብሎም ወደ ቅዱስ ቁርባን ይቀርባል። ስለ ንስሐ፣ ስለ ስርየትና ስለ ድኅነት የሚሰበከው ስብከት በአብዛኛው ይህንኑ መንገድ ይከተላል። በመንገዱ ላይ ጎልተው የሚታዩት ሦስት ናቸው፦ ኃጢአተኛው፣ ካህኑና እግዚአብሔር። አራተኛው ወገን፣ ማለትም የተበደለው ሰው፣ በትምህርቱ ውስጥ ስፍራ እያለው በስብከቱ ላይ ይደበዝዛል። ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው የዚህን አራተኛ ወገን ነገር ነው፤ በተለይም የተበደለው ሰው ከበዳዩ ምእመን ሃይማኖት ውጭ በሚሆንበት ጊዜ ስብከቱ ምን ሊል እንደሚገባው።

ጥያቄው በሌላ ስፍራም ይነሣል፤ በከሚሴና በዙሪያዋ ግን ሊታለፍ አይችልም። ከሚሴ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ርእሰ ከተማ ስትሆን ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ መሠረት የዞኑ ነዋሪ እጅግ አብዛኛው ሙስሊም ነው፤ ክርስቲያኑ በከተሞቹና በአዋሳኝ ቀበሌዎች የሚኖር ጥቂት ክፍል ነው። በደቡብ በኩል ከሚያዋስነው ከሰሜን ሸዋ ጋር ገበያ፣ መንገድና ግጦሽ ያገናኘዋል። በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. በአጣዬና በአካባቢው በተነሣው ግጭት ሰዎች ተገድለዋል፤ ቤቶች ተቃጥለዋል፤ ብዙ ሕዝብ ከቀየው ተፈናቅሏል፤ መንግሥትም አካባቢውን በኮማንድ ፖስት ሥር እስከ ማድረግ ደርሷል። ብዙም ሳይቆይ፣ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ የሰሜኑ ጦርነት ከሚሴ ገባ። ከእነዚህ ዓመታት ወዲህ በአካባቢው የሚቆም ሰባኪ፣ ከፊቱ ከተቀመጡት መካከል የተበደለም የበደለም ሊኖር እንደሚችል ሳያስብ ስለ ኃጢአትና ስለ ይቅርታ ሊናገር አይችልም።

የአካባቢው የሩቅ ትዝታም በስብከቱ ላይ ጥላውን ያጠላል። በ1870 ዓ.ም. ከደሴ በስተሰሜን በምትገኘው ቦሩ ሜዳ በተካሄደው ጉባኤ ማግስት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የወሎ ሙስሊሞች ክርስትናን እንዲቀበሉ አዘዙ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ በኋላም ንጉሥ ሚካኤል ለመሆን በቁ። እንደ ሼህ ጦልሃ ያሉ ሊቃውንት ደግሞ ትእዛዙን ተቃውመው ተነሡ። በቀን ክርስቲያን፣ በሌሊት ሙስሊም ሆኖ መኖርም የዘመኑ ትዝታ ሆኖ ቀረ። በዚህ ምክንያት «ተመለሱ» የሚለው ጥሪ በወሎ ምድር ነገሥታት በሰይፍ የተናገሩት ቃል ጭምር ነው። ሰባኪው ይህን የማወቅ ግዴታ አለበት፤ ሳያውቅ ቢናገር ስለ ልብ መመለስ የሚናገረው ሁሉ ስለ ሃይማኖት መለወጥ እንደ ተነገረ ሆኖ ሊሰማ ይችላልና።

የቃላቱ ነገር

ንስሐ ከግእዙ «ነስሐ» የወጣ ሲሆን መጸጸትን ያመለክታል። የግሪኩ ቃል የአሳብ መለወጥን፣ የዕብራይስጡ ደግሞ መመለስን ያጎላል። የወሎ ሙስሊም «ተውበት አደረገ» ሲል የሚጠቀምበት የዐረብኛ ቃልም መሠረቱ መመለስ ነው። በኦሮምኛ ስብከት የሚሰማው «ቀልቢ ጅጅራቹ» ልብን ወይም አሳብን መለወጥ ማለት ነው። አምስቱ ቃላት አንድ ዓይነት ነገር ቢጠቁሙም ክብደታቸው የተለያየ ነው፦ ጸጸት በውስጥ ሊቀር ይችላል፤ መመለስ ግን እግርን ይጠይቃል፣ የሚመለሱበትንም ደጃፍ ይጠይቃል።

ስለ ይቅርታም እንዲሁ ነው። «ይቅር» ማለት ከ«ቀረ» የመጣ ነው፤ በደሉ ወደ ኋላ ይቅር፣ ከእኛ ጋር አይጓዝ እንደ ማለት። የኦሮምኛው «ዺፋማ» መተው ከሚል ግስ መውጣቱ የሁለቱን ልሳናት ስሜት ያቀራርባል። ሙስሊሙ «አፉ በሉኝ» ይላል፤ ክርስቲያኑ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ይላል፤ በሽማግሌ ፊት የተቀመጡ የወሎ ሰዎች ሁለቱንም ያለ አስተርጓሚ ይረዳሉ።

«ድኅነት» ግን ሰባኪውን የሚያስቸግር ቃል ነው። በጆሮ ሲሰማ ከ«ድህነት» አይለይም፤ ከመድረክ ስለ ድኅነት ሲነገር ችግረኛው አድማጭ ስለ ኑሮው የተነገረ ቢመስለው አይፈረድበትም። ብዙዎች «መዳን» ማለትን የሚመርጡት ስለዚህ ይሆናል። ምርጫው የተሻለም ነው፤ ምክንያቱም «ዳነ» ከበሽታ ተፈወሰ፣ ከሞትም አመለጠ ማለት ነው። የኦሮምኛው «ፈይና» ጤናንና መዳንን በአንድነት ይይዛል። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው መዳንን ሲሰማ በመጀመሪያ የሚያስበው ከዚያች ሌሊት መትረፉን ነው፤ ስብከቱም ከዚያ ቢነሣ ምንም አያጎድልም።

ነነዌ በከሚሴ

ከዐቢይ ጾም አስቀድሞ የሚመጣው የሦስት ቀን ጾመ ነነዌ የንስሐ ስብከት ዋና ወቅት ነው። የተለመደው ስብከት የጾሙን ኃይል ያጎላል፦ ሕዝቡ ማቅ ለበሰ፣ ንጉሡ ከዙፋኑ ወረደ፣ እንስሳት ሳይቀሩ ተከለከሉ፣ መዓቱም ተመለሰ። ይህ እውነት ነው፤ ሙሉ ግን አይደለም። በትንቢተ ዮናስ ምዕራፍ 3 የንጉሡ ዐዋጅ ከጾሙ ጋር እያንዳንዱ ሰው በእጁ ካለው ግፍ እንዲመለስ ያዝዛል። እግዚአብሔር አየ የተባለውም ማቁንና አመዱን ሳይሆን ከክፉ መንገዳቸው መመለሳቸውን ነው። ግፍ የሚለው ቃል እዚህ ላይ ረቂቅ አይደለም፤ በእጅ ያለ ነገር ነው፤ ምናልባትም የተዘረፈ ከብት፣ የተያዘ እርሻ።

ከዚህ ይልቅ ለአካባቢው የሚከብደው ምዕራፍ 4 ነው፤ በስብከት ላይ ቶሎ የሚታለፈውም እርሱ ነው። የተማሩት ሰዎች የእስራኤል ወገን አልነበሩም፤ የነቢዩን ሕዝብ የሚያስጨንቅ መንግሥት ዜጎች ነበሩ። በምሕረቱ የተቆጣው ደግሞ ከምእመናን ወገን የሆነው ሰባኪው ራሱ ነው። ዮናስ የስብከቱ መሳካት አሳዘነው፤ ከከተማይቱ ወጥቶም ጥፋቷን ለማየት ተቀመጠ። መጽሐፉ በጥያቄ ያበቃል፤ ዮናስ ምን እንደ መለሰ አይነገረንም። በከሚሴ ይህን ምዕራፍ እስከ መጨረሻው የሚያነብ ሰባኪ ሁለት ነገሮችን በአንድ ጊዜ ይናገራል። ለበደለው፣ ማቅ ያለ ካሳ እንደማይበቃ፤ ለተበደለው ደግሞ፣ የእግዚአብሔር ምሕረት በወገንና በሃይማኖት አጥር እንደማይታገድ። ሁለተኛውን ያለ መጀመሪያው መናገር ጭካኔ ነው፤ መጀመሪያውን ያለ ሁለተኛው መናገር ደግሞ ቂምን በመጽሐፍ ማልበስ ይሆናል።

የዘኬዎስ ታሪክም (ሉቃ. 19) በዚሁ ረገድ ዳግመኛ ሊነበብ ይገባዋል። ስብከቱ በሾላው ዛፍ ላይና በዘኬዎስ ጉጉት ላይ ይቆያል፤ የታሪኩ መዞሪያ ግን ቆሞ የተናገረው ነው፦ የሀብቱን እኩሌታ ለድሆች፣ ለበደለው ሰው ደግሞ አራት እጥፍ። መዳን ለዚያ ቤት እንደ ሆነለት የተነገረው ይህን ከተናገረ በኋላ ነው። ካሳው መዳንን ገዛ ማለት አይደለም፤ ክርስቶስ አስቀድሞ ወደ ቤቱ ገብቷልና። መዳን የገባበት ቤት የሰው ገንዘብ ይዞ ሊቀመጥ አልቻለም ማለት ነው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ደግሞ መባውን ወደ መሠዊያው ያመጣ ሰው ወንድሙ የተቀየመበት መሆኑን ሲያስታውስ መባውን ትቶ አስቀድሞ እንዲታረቅ ታዝዟል። በዚህ አነጋገር «ወንድም» የእምነት ወንድም ብቻ ነው የሚል ቢኖር፣ የደጉ ሳምራዊ ምሳሌ (ሉቃ. 10) ጥያቄውን ይዘጋበታል።

ምስጢራዊው ኑዛዜና የአደባባዩ እርቅ

ተግባራዊው ችግር እዚህ ላይ ይመጣል። ኑዛዜ ምስጢር ነው፤ ካህኑ የሰማውን አያወጣም። እርቅ ግን በባሕርዩ አደባባይ ነው። በኦሮሞ ዘንድ የሚታወቀው የጉማ ሥርዓት ለፈሰሰ ደም ካሳን ይጠይቃል፤ በወሎ የሚታወቁት አባጋሮችም ሆኑ የሀገር ሽማግሌዎች በደሉ ሳይነገር እርቅ አያወርዱም። ስለዚህ አንድ ሰው በንስሐ አባቱ ዘንድ ተናዝዞ፣ ቀኖናውንም ጨርሶ፣ በሽማግሌው ፊት ግን ምንም እንዳላወቀ ሆኖ ሊቀመጥ ይችላል። ሁለቱ ሥርዓቶች ጎን ለጎን ቆመው ሳይነካኩ ይቀራሉ፤ የተበደለውም ጎረቤት በመካከላቸው ይወድቃል።

መፍትሔው ምስጢሩን መስበር አይደለም። ቀኖና ከጾምና ከስግደት በላይ ነው፤ ንስሐ አባቱ የተወሰደውን መመለስን የቀኖናው አካል አድርጎ ሊያዝዝ ይችላል፤ ተናዛዡም ራሱ በፈቃዱ ወደ ሽማግሌ እንዲሄድ ሊመክረው ይችላል። ኑዛዜው በካህኑ ዘንድ ተዘግቶ ይቆያል፤ እግሩ ግን ወደ ጎረቤቱ ደጅ ይሄዳል። ስብከቱ የሚያስፈልገው ይህን መንገድ አስቀድሞ በአደባባይ ለማሳወቅ ነው፤ ማንም ለብቻው ተጠቁሞ እንዳያፍር።

ሌላው እንቅፋት የብዙዎች ድርጊት ነው። ቤት ያቃጠለ ሕዝብ ውስጥ እያንዳንዱ «እኔ ክብሪቱን አልያዝሁም» ሊል ይችላል። ዳንኤል በምዕራፍ 9፣ ነህምያም በምዕራፍ 1 የጸለዩት ጸሎት በዚህ ረገድ የተለየ ነው፤ ሁለቱም የአባቶቻቸውንና የሕዝባቸውን በደል ሲናዘዙ ራሳቸውን አልነጠሉም። እንዲህ ያለው «እኛ» የሚል ኑዛዜ በቅዳሴም ሆነ በምሕላ ጊዜ ይሰማል፤ ግን የሚሰማው ስለ ድርቅና ስለ ቸነፈር ነው እንጂ ስለ ጎረቤት ቤት መቃጠል አይደለም።

የተበደለውን በተመለከተ ስብከቱ ከሁሉ ይልቅ መጠንቀቅ ያለበት ከችኮላ ነው። ይቅር ያላለውን ባሪያ ምሳሌ (ማቴ. 18) ከሐዘን ቤት ባልወጣ ሰው ላይ ማንበብ ሸክሙን ከበዳዩ አንሥቶ በተበዳዩ ላይ መጫን ነው። ዮሴፍ ወንድሞቹን ይቅር ብሏል፤ ነገር ግን ማንነቱን የገለጠላቸው በብንያም ፈተና ልባቸው መለወጡን ካየ በኋላ ነው። የሀገሪቱ ሕግም ልዩነት ያውቃል፦ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 በሰው ልጆች ላይ ለሚፈጸሙ ወንጀሎች ምሕረትም ይቅርታም እንዳይሰጥ ይከለክላል። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. በሚኒስትሮች ምክር ቤት የጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲም እርቅን ከእውነት ማፈላለግ፣ ከተጠያቂነትና ከማካካሻ ጋር ያያይዘዋል። የካህኑ ፍትሐት የፍርድ ቤትን ሥራ አይተካም፤ ሰባኪው ይህን በግልጽ ካልተናገረ ንስሐ ከሕግ መሸሸጊያ መስሎ ይታያል።

ካሳ ለማን ይሰጥ የሚለው ጥያቄ በመጨረሻ የሚከብደው ባለ ንብረቱ በሌለበት ነው። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ከቀያቸው ወጥተው ያልተመለሱ ሰዎች ስላሉ፣ ተናዛዡ «የምመልስለት ሰው የለም» ሊል ይችላል። ኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 5 ይህን ጉዳይ አስቀድሞ አስቦበታል። በዳዩ የወሰደውን ሁሉ አምስተኛ እጅ ጨምሮ ለተበደለው ይመልሳል፤ ካሳው ለእግዚአብሔር ሆኖ ለካህኑ የሚሰጠው የሚቀበል የቅርብ ዘመድ ሲታጣ ብቻ ነው። እንግዲህ የተፈናቀለው ሙስሊም ጎረቤት በደሴ ወይም በአዲስ አበባ በሕይወት እያለ፣ ወንድሙም በከሚሴ ገበያ እየታየ፣ የበሬውን ዋጋ በሙዳየ ምጽዋት መጨመር በዚህ ሥርዓት ካሳ አይባልም።