የደነዘዘ እጅ

ይህን ምንባብ በመጀመሪያ በለሆሳስ አንብቡ። ከዚያም ዐይናችሁን ጨፍናችሁ የጠመኔን ስባሪ፣ የደብተርን ጠርዝና የወንበርን እግር በጣታችሁ ዳስሱ። ጣት ያለ ዐይን ርዳታ ምን ያህል እንደሚያውቅ ካስተዋላችሁ በኋላ ምንባቡን ድምፅ አውጥታችሁ እንደ ገና አንብቡ።

የሰው እጅ የሥራ መሣሪያ ብቻ ሳይሆን የማወቂያ መሣሪያም ነው። እናት የሕፃኗን ትኩሳት የምታውቀው በእጇ ነው፤ ገበሬ የእህሉን ድርቀት፣ ሸማኔም የድሩን ውጥረት የሚለየው በጣቱ ነው። ይህ ዕውቀት ከጣት ጫፍ ወደ አንጎል የሚደርሰው ነርቭ በሚባሉ፣ እንደ ክር በቀጠኑ የስሜት መስመሮች አማካይነት ነው። መስመሮቹ ከጣቶች ተነሥተው በእጅ አንጓ፣ በክርንና በብብት በኩል ያልፉና በአንገት አጥንቶች መካከል ወደ ሕብለ ሰረሰር ይገባሉ። በዚህ ረጅም ጉዞ ላይ ነርቩ በአንድ ስፍራ ከተጫነ፣ የሚያስፈልገውን ምግብ ካጣ፣ ወይም በመርዝና በተሕዋስያን ከተጎዳ፣ ሰውየውን መጀመሪያ በእጁ ላይ ጉንዳን የሚሄድበት ያህል ውርር ያደርገዋል፤ ቀጥሎም ይነዝረዋል፤ በመጨረሻም እጁ ይደነዝዛል።

ድንዛዜ ሁሉ የበሽታ ምልክት ነው ማለት አይደለም። ክንዱን ተንተርሶ የተኛ ሰው ሲነቃ እጁ የሌላ ሰው እጅ እስኪመስለው ድረስ ደንዝዞ ያገኘዋል፤ ጥቂት ሲያንቀሳቅሰው ግን ስሜቱ ይመለሳል። ክርኑን ከበር መቃን ጋር ያጋጨ ሰውም እስከ ትንሽ ጣቱ ድረስ የሚነዝር ሕመም ይሰማዋል። ይህም የሚሆነው ወደ ትንሽ ጣትና ወደ ቀለበት ጣት ግማሽ የሚሄደው ነርቭ በክርን ውስጠኛ ጎን፣ የሥጋ መከታ ሳይኖረው፣ በአጥንትና በቆዳ መካከል ስለሚያልፍ ነው። ይህን ነርቭ አንባቢ ልብ ይበለው፤ በኋላ በሌላ ጉዳይ ይነሣልና።

የሐኪም የመጀመሪያ ጥያቄ የሚመነጨውም ከዚህ ነው። የደነዘዘው የትኛው ጣት ነው? አንድ እጅ ነው ወይስ ሁለቱም? ከመቼ ጀምሮ? «እጄን ደነዘዘኝ» ብሎ ዝም የሚል ሕሙም ለሐኪሙ ግማሹን ብቻ ነገረው ማለት ነው።

የደነዘዙት አውራ ጣት፣ ሌባ ጣት፣ የመካከል ጣትና የቀለበት ጣት ግማሽ ከሆኑ ጥርጣሬው በእጅ አንጓ ላይ ያርፋል። በአንጓ መዳፍ በኩል ጠባብ መተላለፊያ አለ፤ በዚያም ውስጥ ጣቶችን የሚያጥፉ 9 ጅማቶችና አንድ ነርቭ ተጣበው ያልፋሉ። ቀኑን ሙሉ አንጓን እያጠፉ የሚሠሩ ሰዎች፣ እንደ ልብስ ሰፊና እንደ ላም አላቢ ያሉት፣ የጅማቶቻቸው ሽፋን ሲያብጥ ነርቩ ይጨፈለቃል። በእርግዝና ወራት በሰውነት ውስጥ የሚጠራቀመው ውሃም ይህንኑ ሊያስከትል ይችላል። ስሜቱ የሚበረታው ሌሊት ነው፤ ሕሙሙ ከእንቅልፉ ነቅቶ እጁን ያራግፋል። አንጓው ሌሊት ቀጥ እንዲል በመደገፊያ ቢታሰርና ከሥራው ጥቂት ቢያርፍ ብዙ ጊዜ ይሻለዋል። ነገሩ ከተናቀ ግን በአውራ ጣት ሥር ያለው ሥጋ ይሟሽሻል፤ የቡና ሲኒም ከእጅ እያመለጠ ይወድቃል። በዚህ ጊዜ መተላለፊያውን በቀዶ ጥገና ማስፋት ያስፈልጋል።

ድንዛዜው ከአንገት ተነሥቶ በትከሻ በኩል ወደ አንድ ክንድ የሚወርድ ከሆነ ደግሞ የተጫነው የነርቡ ሥር ነው። እንዲህ ያለውን አንገት ወጌሻ በኀይል እንዲጠመዝዘው መፍቀድ ሕብለ ሰረሰርን ለአደጋ ማጋለጥ ነው።

ሁለቱም እጆች እንደ ጓንት ተሸፍነው ሲደነዝዙ መንሥኤው በአንድ ስፍራ ሳይሆን በመላው ሰውነት ውስጥ ይፈለጋል። ለረጅም ጊዜ ያልተገታ የስኳር በሽታ በአብዛኛው ከእግር ጣቶች ጀምሮ ወደ ላይ እየወጣ ኋላ እጅን ይይዛል። የአልኮል መጠጥ ብዛትም እንዲሁ ያደርጋል። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ኢሶኒያዚድ የተባለው መድኃኒት የቫይታሚን ቢ 6ን ሥራ ስለሚያሰናክል ነርቭን ሊጎዳ ይችላል፤ ሆኖም ሐኪም ቫይታሚኑን በማዘዝ ጉዳቱን ሊከላከለው ስለሚችል፣ ሕሙሙ ለሐኪሙ መንገር እንጂ መድኃኒቱን በራሱ ፈቃድ ማቋረጥ አይገባውም። በሥጋ፣ በወተትና በእንቁላል የሚገኘው የቫይታሚን ቢ 12 እጥረትም ሌላው መንሥኤ ነው። ጉበት ይህን ቫይታሚን ለዓመታት የሚበቃ አድርጎ ስለሚያከማች የጥቂት ሳምንታት ጾም እጥረቱን አያመጣም፤ የሚጎዱት ለብዙ ዓመታት ከእንስሳት የሚገኝ ምግብ ፈጽሞ ያልቀመሱ፣ ወይም ጨጓራቸውና አንጀታቸው ቫይታሚኑን መቀበል የተሳናቸው ናቸው።

ጊዜ የማይሰጥ ድንዛዜም አለ። በድንገት አንድ እጅ ሲደነዝዝና ሲዝል፣ ፊት ወደ አንድ ጎን ሲጣመም ወይም አንደበት ሲተሳሰር፣ ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ተቋርጧል ወይም በአንጎል ውስጥ ደም ፈስሷል ተብሎ ስለሚጠረጠር ሕሙሙን በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ማድረስ ያስፈልጋል።

ከእነዚህ መንሥኤዎች መካከል በኢትዮጵያ ብዙ ሰዎችን ከቤትና ከዘመድ የለየው ግን የሥጋ ደዌ ነው። የበሽታውን ተሕዋስ እ.ኤ.አ. በ1873 ያገኘው የኖርዌይ ሐኪም ገርሃርድ አርማወር ሀንሰን ነበር። ተሕዋሱ እጅግ ዝግተኛ ነው፤ አንዱ ሁለት ለመሆን ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህም ወደ ሰውነት ከገባ በኋላ ምልክቱ እስኪታይ በአማካይ 5 ዓመት፣ አንዳንድ ጊዜም 20 ዓመትና ከዚያ በላይ ይቆያል። ቀዝቀዝ ያለ ስፍራ ስለሚስማማው በቆዳና ለቆዳ ቅርብ በሆኑ ነርቮች ውስጥ ይሰፍራል። ቀደም ሲል የተነሣው የክርን ነርቭ አንዱ ማረፊያው ነው።

የመጀመሪያው ምልክት ብዙ ጊዜ በቆዳ ላይ የሚወጣ ነጣ ወይም ቀላ ያለ ነገር ነው። አያሳክክም፤ አያምም። ቋቁቻ ነው ተብሎም ይታለፋል። ይሁን እንጂ ሰውየው ዐይኑን ጨፍኖ ስፍራው በጥጥ ጫፍ ቢነካ አይሰማውም። ቀጥሎ ትንሽ ጣትና የቀለበት ጣት ይደነዝዛሉ፤ እየዋለ እያደርም ይቆለመማሉ።

ሕዝቡ ድንዛዜን «ብርድ ነው» ማለት ልማዱ ነው። ብርድ የመታው እጅ ደግሞ ወደ እሳት ይቀርባል። የጥፋቱ መነሻ እዚህ ላይ ነው፤ የደነዘዘ እጅ የፍሙን ግለት ለባለቤቱ አይነግረውምና። ጤነኛ ሰው ትኩስ ድስት ሲነካ ሳያስብ እጁን ይሰበስባል፤ ሕሙሙ ግን ድስቱን ይዞ ጓዳውን ያቋርጣል፤ መቃጠሉንም የሚያውቀው ማታ የላጠውን ቆዳ ሲያይ ነው። የዶማ እጀታ መዳፉን ቢያቆስለው ሥራውን አያቆምም፤ የማያመው ቁስል ስለማይጠበቅ ያመረቅዛል፤ መግሉም ወደ አጥንት ይዘልቃል። ጣቶቹ የሚያጥሩት በዚህ መንገድ ነው።

ጣትን የሚቆርጠው በሽታው ራሱ ነው የሚለው አሳብ በሐኪሞች ዘንድ ሳይቀር ለረጅም ዘመን ጸንቶ ኖሯል። ይህን አሳብ ካስወገዱት ሰዎች አንዱ እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ በሕንድ አገር በቬሎር ይሠራ የነበረው ቀዶ ሐኪም ፖል ብራንድ ነው። ሕሙማኑ ማታ ደኅና የነበረ ጣታቸውን ጠዋት ጎድሎ ባገኙት ጊዜ ነገሩ ሲመረመር፣ አይጦች ሌሊት እየመጡ የማይሰማውን ጣት ይበሉ እንደ ነበር ታወቀ። ከዚያ ወዲህ ለሕሙማኑ የሚጠብቃቸው ድመት ይሰጣቸው ጀመር። ሕመም የሚያሠቃይ ብቻ ሳይሆን ሌሊቱን ሙሉ የማይተኛ ዘበኛ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ታሪክ ማግኘት ያስቸግራል።

በሽታው የሚተላለፈው ሕክምና ካልጀመረ ሕሙም ጋር ለረጅም ጊዜ በመቀራረብ ሲሆን፣ አብዛኛው ሰው በተፈጥሮው ይቋቋመዋል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 ሪፋምፒሲን፣ ዳፕሶንና ክሎፋዚሚን የተባሉት መድኃኒቶች ተቀናጅተው እንዲሰጡ መክሯል፤ ከ1995 ጀምሮም መድኃኒቱ ያለ ክፍያ ይታደላል። ሕክምናው 6 ወይም 12 ወር ይፈጃል። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመው አለርት በዚህ በሽታ ሕክምና የኢትዮጵያን ብቻ ሳይሆን የሌሎች አገሮችንም ባለሙያዎች አሠልጥኗል።

መድኃኒቱ ተሕዋሱን ይገድላል እንጂ የሞተ ነርቭን አያስነሣም። ድንዛዜው ገና 6 ወር ሳይሞላው የመጣ ሕሙም ተጨማሪ የነርቭ መድኃኒት ተሰጥቶት ስሜቱ ሊመለስለት ይችላል፤ ዘግይቶ የመጣው ግን ያለ ስሜት መኖርን መማር ይኖርበታል። እርሱም ድስት በጨርቅ ያነሣል፤ የዶማውን እጀታ በጨርቅ ይጠቀልላል፤ ማታ ማታ እጁን በውሃ ዘፍዝፎ ቅባት ይቀባል፤ ከመተኛቱም በፊት መዳፉንና ጣቶቹን አንድ በአንድ በብርሃን ይመረምራል።

መልመጃ

ሀ. ለሚከተሉት ጥያቄዎች በቃል መልስ ስጡ።

1. ክርን ሲጋጭ እስከ ትንሽ ጣት ድረስ የሚነዝረው ለምንድን ነው?

2. «ብርድ ነው» የሚለው ልማድ በደነዘዘ እጅ ላይ ምን ጉዳት ያስከትላል?

3. ጸሐፊው ሕመምን «ዘበኛ» ያሉት ለምንድን ነው? ይህ አነጋገር በቅኔና በተረት ከምታውቁት ዘይቤ የትኛው ነው?

ለ. የሚከተሉትን ቃላት በምንባቡ ባላቸው ፍች ዐረፍተ ነገር ሥሩባቸው። ድንዛዜ፣ መከታ፣ አመረቀዘ፣ ተቆለመመ፣ ዘለቀ።

ሐ. በአካባቢያችሁ ስለ እጅ መደንዘዝ የሚነገረውን ከአረጋውያን ጠይቁና ከምንባቡ ጋር የሚስማማውንና የማይስማማውን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ በክፍል ውስጥ አንብቡ።